በቂርቆስ ረግረግ የሞተው ወፍ ቆጣሪ

«አጥናፉ ባሌን አልገደለም ስል አይሰሙኝም ጌታው?» አለች የሻረግ።

«ጠመንጃዬን የሚወለውለው ማን ነው? ትናንት ከባልሽ ጋር የተጣላውስ?» አለ ዶክተር ፋሬቲ። አስተርጓሚው መብራህቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመላት።

ካዛንችስ፣ ቀለሙ ገና ባልደረቀው የዶክተሩ ቤት ሳሎን ውስጥ አሽከሩ አጥናፉ የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። ጣሊያናዊው ሻለቃ ከምሳ በፊት እንደሚያሰቅለው ተናግሯል። ባሻ ገብረሃና፣ ለጣሊያን ፖሊስ ያደረ መርማሪ፣ እስከዚያ እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል።

ሬሳውን አይቶ ነው የመጣው። የዶክተሩ ሥራ የየቦታውን የወፍ ዓይነት ማወዳደር ነው። በተመሳሳይ ንጋት ራሱ በኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ዛፎች ሥር፣ ረዳቱ፣ የየሻረግ ባል ወዳጆ፣ በቂርቆስ ረግረግ ይቀመጣሉ። ወፎቹ እስኪረሷቸው አይነቃነቁም፤ መተኮስ ክልክል ነው። ወዳጆ የደረቀ ሣር የሚመስል ካባ እንደለበሰ፣ ቄጠማው ውስጥ ጀርባውን በወፍ ማደኛ ጥይት ተመትቶ ሞቷል። ከፊቱ ውኃው ላይ የዳክዬ ላባ ተንሳፍፏል።

ባሻ የሁለቱ ጠብ ምን እንደነበር ሲጠይቅ፣ የሻረግ ለንግሥ ማን ከሥራ ይቅር በሚል ነው አለችው። ወዳጆ ተሸንፎ ሥራ ገባ፤ አጥናፉ ኡራኤል አደረ።

ባሻ ወደ ዶክተሩ ዞረ። «እርስዎስ ንጋት ላይ የት ነበሩ?»

«ኡራኤል። እንደ ወትሮው ጸጥ ብሎ ነበር። ዋኖሶቹ እግሬ ሥር ሲለቅሙ ቆጠርኳቸው።»

መብራህቱ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ። የሻረግ ቀና ብላ ዶክተሩን አየችው።

ሻለቃው ሲገባ ባሻ ሁሉንም አስቀምጦ ተናገረ።

«ዛሬ ኡራኤል ነግሷል። ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ሲመታ፣ ሕዝቡ ከዛፎቹ ሥር ሞልቶ ነው ያደረው። በዚያ ግርግር ዋኖስ አይለቅምም። ዶክተሩ እዚያ አልነበሩም። አጥናፉ ነጠላው ላይ ያለው የጧፍ ሰም ነው፤ የረግረጉ ጥቁር ጭቃ የዶክተሩ ቦት ጫማ ላይ ነው ያለው። ወዳጆም የሚቀመጥበትን ደንብ ጠብቆ ሣር መስሎ ተቀምጧል። ዶክተሩ ዳክዬዋ ላይ ተኮሱ፤ ከመሐል ሰው እንዳለ አላዩም። አስበው አልገደሉም። ዋሽተዋል እንጂ።»

ዶክተሩ አልካደም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

«ጥሩ መርምረሃል» አለ ሻለቃው። «የአጥናፉ ነገር ግን ጠዋት ተወስኖ አልቋል።»

ባሻ እንደገና ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መብራህቱ ግን የሚተረጉምለት አጣ፤ ሻለቃው ፊቱን አዙሯል። ዶክተሩን እንዲህ ያለች ዳክዬ በዚህ አገር ከዚህ በፊት ታይታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀው። ዶክተሩ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ስለ ምንቃሯ ጀመረ፤ እየቆየም ድምፁ ረጋ። የሻረግ ዓይኗን ከአፉ ላይ አልነቀለችም፤ ባሻ ወለሉን ያያል።

ሁለት አስካሪ ወታደሮች አጥናፉን በጓዳ በር ይዘውት ወጡ።