«ጤነኛ ነሽ?»

አንዲት ልብስ ሰፊ የታመመች አክስቷን ጠይቃ ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት በር ላይ አስቆማት።

«እህት፣ ጤነኛ ነሽ?»

«አንተስ ጤነኛ ነህ?» አለችው ዓይኗን አጉረጥርጣ።

አጠገቡ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ወጣቱ የላቦራቶሪ ባለሙያ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም! እስከ ዛሬ የደም ውጤት የምናነበው ከማሽኑ ጋር በመጣልን በሌላ አገር ሰዎች ልክ ነው። አሁን የኛን ሰው ልክ ልናወጣ ከጤነኞች ደም እየለመንን ነው።»

የተቆጣው ፊቷ ጠወለገ። ከሦስት ዓመት በፊት «ነጭ የደም ሴልሽ ከልኩ በታች ነው» ተብላለች፤ ደጋግማ ብትመረመርም ያው ነው። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ነኝ ብላ ሊያገባት የመጣውን ሁሉ ስትመልስ ኖራለች።

«እኔ አልሆንህም» ብላ ይህንኑ ነገረችው።

«አሞሽ ያውቃል?»

«ጉንፋን እንኳ ይሸሸኛል።»

«እንግዲያማ አንቺንም እንፈልጋለን።»

ክንዷን ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ የጋዋኑ ቁልፍ መበጠስ አመል ሆነበት። በየጊዜው ሱቋ እየመጣ ያስተክላል። ክሩ በመቀስ የተቆረጠ መሆኑን ብታውቅም ደስ ብሏት ዝም አለች።

አንድ ቀን ቁልፉ ደህና ሆኖ መጣ።

«ዛሬስ ምን ተበጠሰ?»

«ምንም። ላገባሽ ፈልጌ ነው።»

መርፌው ጣቷን ወጋት። ጣቷን ጠርጋ ስፌቱን አስቀመጠች።

«እወድሃለሁ» አለችው በመጨረሻ፤ «ለዚህ ነው እምቢ የምልህ። አስታማሚ ላደርግህ አልፈልግም።»

የጥናቱ ውጤት ገና ስላልወጣ የማያውቀውን ተስፋ ሊሰጣት አልደፈረም። ቁልፉ ግን መበጠሱን አልተወም።

ሥራው አለቀና በየሆስፒታሉ የተሰበሰበው ውጤት አንድ ላይ ታየ። ጤነኛ ሆነው እንደሷ ነጭ የደም ሴላቸው ዝቅ ያለ ብዙዎች ናቸው። አዲሱ ልክ ወጣ፤ ላቦራቶሪዎቹ ሁሉ በእሱ እንዲያነቡ ተስማሙ። ሐኪሟም እንደገና መረመራትና «ደህና ነሽ፤ ድሮም ደህና ነበርሽ» አላት።

«ተመስገን!» ብላ አለቀሰች። «በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ቀሚስ ለብሼ፣ ጥፋቱ የገላዬ ነው ስል ኖርኩ!» ወረፋ ላይ ቆመው ክንዳቸውን የሰጡትን፣ ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸውን ሰዎች ሁሉ መረቀች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች። ጋዋኑ እንደ ልማዱ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። መርፌና ክር ከቦርሳዋ አውጥታ መስፋት ጀመረች።

«እሺ ብያለሁ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ጆሮውን ማመን አቃተው። «ጤነኛ ነሽ?»

«ጤነኛ ብሆን፣ የገዛ ቁልፉን በመቀስ የሚቆርጥ ሰው አገባ ነበር?»