በመቀስ የተቆረጠው ማሸጊያ

«ለተከበራችሁ የሐይቅ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ! የጤና ጣቢያው በር ዛሬም እንደ ትናንቱ ክፍት መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።»

የድምፅ ማጉያው ይህን ሲያውጅ ዓሣ አጥማጁ ሙሐዲን ቤቱ ውስጥ ተከፍኖ ነበር። ጦርነቱ ከከተማው ከወጣ ገና ወሩ ነው። ከጥይት የተረፈውን ሰው የመረብ ሽቦ ወጋው፤ ቁስሉ አመርቅዞ ገደለው። ወንድሙ ሰዓድ ግን ገዳይዋን አውቃታለሁ አለ። የተበላሸ መድኃኒት የሸጠችለት ባለ መድኃኒት ቤቷ ዘይቱና ናት፤ ትታሰር።

ኢንስፔክተር ታረቀኝ ያበጠ ጉንጩን በሻርፕ ጠቅልሎ ሱቋ ገባ። አልተነሳችለትም።

«መድኃኒቴ ደህና ነው። እኔን ይሰሩኝ፤ ዘራፊ ያልዘጋውን ሱቅ ግን እርስዎም አይዘጉትም።»

ግድግዳው ላይ «መድኃኒትዎን ለሌላ ሳያካፍሉ ለብቻዎ ይጨርሱ» የሚል ማስታወቂያ አለ። በእስክርቢቶ ተሰርዟል።

«መቼ ሰረዝሽው?»

«ሙሐዲን ሲሞት። ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ ነው። እዚህ አገር ለብቻው የሚጨርስ ስስታም ነው፤ ማን ስስታም ልባል ይላል? ‹ጎረቤትህን ከወደድኸው ወደ ዘይቱና አምጣው› ብላችሁ ጻፉ ብላቸው፣ የላኩት ሰዎች አይነካም አሉኝ።»

የሟቹ ሚስት መሪማ ቤቷ ለሄደው ታረቀኝ ባዶውን የእንክብል ማሸጊያ አሳየችው። ባሏ አንድም ሳያስቀር ሁሉንም ራሱ እንደዋጠ ነገረችው። ታረቀኝ የማሸጊያውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰዓድን፣ መሪማን፣ ጎረቤታቸውን ፈንታሁንንና ዘይቱናን ሰበሰባቸው።

«የሚውጥ ሰው እንክብሉን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያወጣል፤ ማሸጊያው እንዳለ ይቀራል። የዚህ ግማሹ በመቀስ ተቆርጦ ሄዷል። በመቀስ የሚቆርጥ ለሰው የሚሰጥ ነው። ሙሐዲን ሲሻለው የቀረውን አደለ፤ ቁስሉ ሲያገረሽ የሚውጠው አጣ። መድኃኒቱ አልተበላሸም፤ አልበቃውም እንጂ። ለማን ሰጠ?»

ሰዓድ ወላሂ የእንክብሉን ዓይን አላየሁም አለ። ፈንታሁን በእመቤቴ ማለ። መሪማ የመጀመሪያ ቃሏን ደገመች። ዘይቱና ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

ታረቀኝ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ጥርሱ ጠዘጠዘው። ጉንጩን ይዞ አጎነበሰ።

«አብሽሩ ጌታው» አለ ሰዓድ፣ እጁን ኪሱ እየከተተ።

ፈንታሁንም ኪሱን ዳበሰ። መሪማ የሻሿን ጫፍ ፈታች። ሦስት እጆች ወደ ኢንስፔክተሩ ተዘረጉ፤ በየመዳፉ ላይ ከነማሸጊያዋ በመቀስ የተቆረጠች አንድ አንድ እንክብል ነበረች።