እስከ ሐሙስ እንዳትወፍሪ

አቶ ቸኮል የአስቻለችን ቀኝ እጅ ይዘው አንጓዋን በአውራ ጣታቸውና በመሐል ጣታቸው ዙሪያውን ለኩት። ጣቶቻቸው ተገናኝተው ተደራረቡ። በጉን ሲበልቱ ቆይተው እጃቸውን አልታጠቡም ነበርና ሞራው አንጓዋ ላይ ተለጥፎ ቀዘቀዘ።

«ደህና ነው። አልጨመረችም» አሉ። የተናገሩት ለእሷ ሳይሆን ከኋላቸው ለቆሙት ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ንግሥቴ ነበር።

አስቻለች እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ቅባቱ አልለቅ አላት።

የ1966 ዓ.ም. ፋሲካ ጠዋት ነው። በመካነ ሰላም ከተማ ሀብት ያለው ሰው በየጓሮው በግ ይገፍፋል። የሌለው ደግሞ ከገጠር መጥቶ በየአጥሩ ሥር ተደርድሮ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ዝናብ ከድቶታል። የአስቻለችም አገር፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ ያለችው መንደር፣ እንደዚያው ነበረች። በሬዎቹ አለቁ፤ አባቷ ኅዳር ላይ በንዳድ ሞተ። እናቷ ፈንታዬ ትንሿን ልጇን ቦጋለችን ይዛ ስትቀር፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላትን አስቻለችን በጾሙ አጋማሽ ወደ ራሷ አጎት ልጅ ወደ አቶ ቸኮል ላከቻት። አቶ ቸኮል የእህል ነጋዴ ናቸው። እዚያ ቤት ምግብ አይጠፋም ብላ ነበር።

እውነትም ምግብ አልጠፋም። ለአስቻለች ግን የሚሰጣት ጠዋት ሩብ፣ ማታ ሩብ እንጀራ ነው፤ በላዩ ቀጭን ሽሮ።

«ሆድሽ በራብ ደርቋል» ብለዋት ነበር ወይዘሮ ንግሥቴ በመጣች ቀን። «ድንገት ብዙ ከገባበት ይገድልሻል። ቀስ እያልሽ ትለምጃለሽ።»

አስቻለችም አምናቸው ነበር። ጾሙም ስለነበረ ማንም ቅባት አልነካም። የፋሲካ ለት ግን ዶሮ ወጡ ቀርቦ፣ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ እሷ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ያችኑ ሩብ እንጀራ ይዛ ተቀመጠች። እንግዶቹ እየተጎራረሱ ይስቃሉ። ወጥ በአገጫቸው ይወርዳል፤ በእጃቸው ጀርባ ጠርገው እንደገና ያጠቅሳሉ። አንዱ ሰውዬ ቅልጥም ሲመጥ የሚያሰማው ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። አፏ በምራቅ ሞላ። ምራቋን ስትውጥ ራሷንም ጠላችው፤ እየቀፈፋትም ያምራት ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወይዘሮ ንግሥቴ የተረፈውን በትልቅ ሳሕን ይዘው ወጡና ለውሻው ገለበጡለት። ከአጥሩ ማዶ የነበሩት ሰዎች ውሻው ሲበላ ይሰማሉ። አስቻለች ወደ ጓሮ ሄዳ ሊያስመልሳት ታገላት፤ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ሐረግ ከማድ ቤቱ ጀርባ አገኘቻት። ሐረግ የአቶ ቸኮል ልጅ ናት፤ በዕድሜ ከአስቻለች በአንድ ዓመት ትበልጣለች። ጉንጯ ሙሉ ነው፤ ፀጉሯ ለበዓሉ ሹሩባ ተሠርቷል። ዙሪያዋን አየችና ከነጠላዋ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ ሰጠቻት።

«ቶሎ ብዪው። አባዬ እንዳያይ።»

አስቻለች ዝም ብላ ዋጠችው። ጣዕሙን እንኳ አላወቀችም።

«እኔ ልሙት፣ አትነቂም እንዴ?» አለች ሐረግ። «ሆድሽ ደርቆ ምናምን የሚሉሽ ውሸት ነው። እንዳትወፍሪ ነው። እስከ ሐሙስ ብቻ።»

«ሐሙስ ምን አለ?»

«ከደሴ ኮሚቴ ይመጣል። ሬዲዮ ሲያወራ አልሰማሽም? ራቡን የደበቁ፣ እህሉን የበሉ ይመረመራሉ እያለ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከአጅባር በአጋሰስ የመጣውን የእርዳታ ስንዴ የወረዳው ሹሞች አባዬ መጋዘን ነው ያስገቡት። አንተ አከፋፍል ብለው። ሁለት ቀን አከፋፈለና አለቀ አለ።»

አስቻለች የምትተኛው ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ነው። በግድግዳው ስንጥቅ የሚመጣውን የስንዴ ሽታ ታውቀዋለች። አላለቀም።

«እና እኔ ምን አገባኝ?»

ሐረግ የገዛ ጉንጯን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አሳየቻት። «እኔን ካዩኝ ማን ያምናቸዋል? እኔን አክስቴ ዘንድ ይሰዱኛል። አንቺ በእኔ ቦታ ልጃቸው ነሽ ልትባዪ ነው። እኛም ተርበናል ለማለት። እማዬ ራሷ ከትናንት ጀምሮ ሆዷን በመቀነት ጥፍንግ አድርጋ አስራለች። በዓሉ እስኪያልፍ ሥጋ መብላቱን እቀንሳለሁ ብላ ነበር፤ አልቻለችም።» ልትስቅ ጀመረችና ተወችው። «ያስጠላል አይደል?»

አስቻለች አፏ ላይ የቀረውን አስኳል በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ማክሰኞ አቶ ቸኮል ራሳቸው አስጠሯት። መደቡ ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፣ እንደ ቁም ነገረኛ ሰው ረጋ ብለው ነገሯት።

«ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ። ከእትዬሽ አጠገብ ትቆሚያለሽ። ልጃችን ነሽ። ዘመድ ልጅ ነው፤ ውሸት አይባልም። ከጠየቁሽ፣ አባቴ ያለውን ለሰው አካፍሎ እኛም ተራብን በዪ። ሌላ ነገር አትጨምሪ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ከዚያ ለፈንታዬ አንድ በቅሎ ጭነት ስንዴ እልክላታለሁ። ትምህርት ቤቱም የአስተማሪዎቹ አድማ አልቆ ሲከፈት አስገባሻለሁ። አሁን ግን ትንሽ ታገሺ። ሐሙስ ቅርብ ነው።»

አንድ በቅሎ ጭነት። አስቻለች ቦጋለችን አሰበቻት። ልትመጣ ስትል ትንሿ እህቷ ከመደቡ ላይ ተነሥታ ልትሸኛት እንኳ አልቻለችም፤ በዓይኗ ብቻ ነበር የሸኘቻት። አንድ በቅሎ ጭነት ስንዴ እስከ ክረምት ያደርሳቸዋል።

«እሺ» አለች እንደገና።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የማታው እንጀራ ቀረ። ረቡዕ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ ዓይኗ ጨለመባትና መንገድ ላይ ተቀመጠች። አቶ ቸኮል ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። እንዲያውም ደስ አላቸው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሦስት ሰዎች መጡ። አንደኛው ደብተር የያዙ ከደሴ የመጡ ጎልማሳ፣ ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሦስተኛዋ ሀጀራ የምትባል ነርስ ናት። ቤቱ ተለውጦ ጠበቃቸው። ምንጣፉ ተጠቅልሏል፤ የበጉ ቆዳ ከግድግዳው ወርዷል፤ ድስቱ ጓዳ ተደብቋል። የቅቤውን ሽታ ግን መደበቂያ አላገኙለትም። አቶ ቸኮል ክርኑ የተቀደደ ካፖርት ለብሰዋል። ወይዘሮ ንግሥቴ በመቀነቱ የተነሳ ትንፋሽ እያጠራቸው ያወራሉ።

«ምን ይደረግ፣ ያው እንደ ሕዝቡ ነው የሆነው» አሉ አቶ ቸኮል። «የመጣውን እህል አከፋፈልን፤ የራሳችንንም ጨመርን። አሁን እኛም ባዶ ነን።»

ጎልማሳው ጻፉ። ተማሪው ቤቱን ዙሪያውን ያያል። ሀጀራ ወደ አስቻለች መጥታ ጎንበስ አለችና የክንዷን ውፍረት በሜትር ለካች። እጇ ንጹሕ ነበር፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የዓይኗን ሥር ገልጣ አየች፤ እግሯን ጫን አድርጋ የጣቷ ምልክት እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ አቶ ቸኮልን አየች፤ ወይዘሮ ንግሥቴንም አየች።

«ልጅቷ የእናንተ ናት?»

«የሆዴ ፍሬ» አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ፤ አስቻለችንም ስበው ከጎናቸው ለጠፏት። ፊቷ በቀሚሳቸው ውስጥ ገባ። ጎናቸው ለስላሳ ነው፤ ይሞቃል፤ ላብና ንጥር ቅቤ ይሸታል። እጃቸው ፀጉሯን ይዳብሳል። በቤቱ ከቆየችበት ጊዜ ሁሉ ሲነኳት የመጀመሪያቸው ነው። አስቻለች ትንፋሿን ያዘች። ቅልጥሙን የሚመጠው ሰውዬ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መጣ።

«አብሽሪ፣ አትፍሪ» አለቻት ሀጀራ። «ትናንት ምን በላሽ?»

«ጠዋት ሩብ እንጀራ።»

«ማታስ?»

«ምንም።»

«እናትሽስ ምን በላች?»

አስቻለች ልትመልስ አፏን ከፈተች። ምን እንድትል እንደሚፈለግ ታውቃለች። የበቅሎውን ጭነት ታውቃለች። ግን ጥያቄው ስለ እናቷ ነበር።

«አላውቅም» አለች። «እናቴ ሩቅ ናት።»

ፀጉሯን የሚዳብሰው እጅ ቆመ።

አቶ ቸኮል ሳቅ ብለው፣ «ራብ አእምሮዋን ነክቶታል፤ ምን የምትለውን አታውቅም» አሉ።

አስቻለች ከወይዘሮ ንግሥቴ ጎን ተላቃ ወደ መሐል ቤት ወጣች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጠንከር ብሎ ወጣ። «እናቴ ፈንታዬ ትባላለች። እዚህ የመጣሁት በጾሙ አጋማሽ ነው። የቤቱ ልጅ ሐረግ ናት፤ አክስቷ ቤት ሄዳለች። እኔ ያልበላሁት ምግብ ጠፍቶ አይደለም። እንዳልወፍር ነው።»

ጎልማሳው ብዕራቸውን ከደብተሩ አነሡ።

«ስንዴውስ?» አለ ተማሪው።

«እኔ የምተኛው ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ነው። እስከ ዛሬ ይሸተኛል።»

መጋዘኑ ሲከፈት ፊት ለፊት የሽምብራ ገለባ ብቻ ነበር የሚታየው። ተማሪው ገለባውን በመንሽ ገፋ ሲያደርገው ጆንያዎቹ ወጡ፤ እስከ ጣሪያው ማገር ድረስ ተደርድረዋል። ከሥር ያሉት እርጥበት ገብቷቸው ሻግተዋል፤ ነቀዝ ይርመሰመስባቸዋል። አስቻለች አፍንጫዋን ያዘች። ከአጥሩ ሥር የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው በበሩ በኩል ያያሉ። አንዲት ሴትዮ ብቻ፣ «በሰበሰ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

መጋዘኑ በኮሚቴው ቁልፍ ታሸገ። ነገ ጠዋት ገበያው ሜዳ ላይ እንደሚከፋፈል ተነገረ። አቶ ቸኮልም ቃላቸውን እንዲሰጡ ከጎልማሳው ጋር ሄዱ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ወይዘሮ ንግሥቴ መቀነታቸውን ፈትተው ጓዳ ገቡ። ዓይናቸው ቀልቶ፣ እንጀራ ላይ የፈሰሰ ዶሮ ወጥ ይዘው ተመለሱና አስቻለች ፊት አስቀመጡት።

«ብዪ። እስክትጠግቢ ብዪ። ከዚያ ሂጂና ልጅ ነኝ ተሳስቻለሁ በያቸው። ጋሼሽ እንዳይታሰሩ።»

ቅቤው በወጡ ላይ ቢጫ ሆኖ ረግቷል። የአስቻለች እጅ ራሱ ተነሥቶ ወደ ሳሕኑ ሄደ። ጣቷ እንጀራውን ሲነካ የተሰማት ፍላጎት ይሁን መጸየፍ ለራሷም አልተለየላትም። እጇን መለሰች።

«አልበላም እትዬ» አለች። ነጠላዋን ከግድግዳው ላይ አወረደች።

በሩ ላይ ሐረግን አገኘቻት። ወሬውን ሰምታ ከአክስቷ ቤት ስትሮጥ ነው የመጣችው። ፊት ለፊት ቆሙ። ሐረግ አንገቷን ደፋች። አስቻለችም ስለ እንቁላሉ ልታመሰግናት ፈልጋ ነበር። ተላለፉ።

ገበያው ሜዳ ላይ ተማሪው ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ አስቀምጦ ስም ይመዘግባል። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። አስቻለች ከአንድ ሽማግሌ ኋላ፣ መጨረሻው ላይ ቆመች። ተራዋ የደረሰው ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ ነበር።

ተማሪው ቀና ሲል ለያት። «ስም?»

«ፈንታዬ ብላችሁ ጻፉ። እናቴ ናት። ሦስት ነን፤ እሷ፣ እህቴና እኔ።»

«እናትሽ ሩቅ ናት ብለሻል። በምን ትወስጂዋለሽ?»

አስቻለች መንገዱን አሰበችው። አንድ ቀን ተኩል ነው። በበቅሎ ሊላክ የነበረውን ያህል ልትወስድ አትችልም፤ ምናልባት ሁለት ቁና፣ ምናልባትም ከዚያ በታች።

«በጀርባዬ» አለች።

ተማሪው ጻፈ። እሷም ከሽማግሌው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ጠዋቱን መጠበቅ ጀመረች።