የሽመላዎቹ ደጋፊና የመስመር ዳኛው

ናጊሳ በጃፓን፣ ማይዙሩ በምትባል የወደብ ከተማ ከአባቷ ጋር ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ነበረች። ምን እንደምትሠራ ለጠየቃት «ፀጉር አስተካካይ ነኝ» ትላለች፤ ማን እንደሆነች ለጠየቃት ግን «የሽመላዎች ደጋፊ ነኝ» ነው መልሷ።

ሽመላዎች የከተማው እግር ኳስ ቡድን ነው። የሚጫወተው በታችኛው ሊግ ነው፤ አባቷ ቶኩጂ እንደሚለው «ለጊዜው»። ይህ «ለጊዜው» ናጊሳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች የጀመረ ነው። ቶኩጂ ከግቡ ጀርባ ቆሞ ከበሮ ይመታል፤ እሷ ከጎኑ ሆና ዘፈን ታነሳለች።

ስለ ደጋፊነት የማይናወጥ አቋም ነበራት። የመኪና መጨናነቅ ፈርቶ ጨዋታው ሳያልቅ የሚነሳ ሰው፣ በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ ሰዓቱን እንደሚያይ ሰው ነው። ዝናብ ሲጥል ወደ ጣሪያው ሥር የሚሸሸው ተመልካች እንጂ ደጋፊ አይባልም። የአውሮፓን ትልልቅ ቡድኖች በቴሌቪዥን እያየ «የኔ ቡድን» የሚለው ደግሞ፣ የጎረቤቱን ልጅ ፎቶ በቦርሳው ይዞ «ልጄ ነው» እያለ እንደሚዞር ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በራስ ተጫዋች ላይ አይፏጭም። ሊያገባት ያሰበ አንድ የባንክ ሠራተኛ የቀረው «ቅዳሜ ሲኒማ እንግባ» ስላላት ብቻ ነው። ቅዳሜ ጨዋታ ነበራ!

አምና በውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ ሽመላዎች ካሸነፉ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጉ ነበር። አንድ ለአንድ ሆነው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች። ቶኩጂ ከበሮውን ጥሎ ልጁን አቀፋት፤ የማያውቁት ሰው ሁለቱንም አቀፋቸው። ቀና ሲሉ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ሰቅሎ ቆሟል። ከጨዋታ ውጪ። ግቡ ተሻረ፤ ሽመላዎችም ለጊዜው ባሉበት ቀሩ።

በማግስቱ የከተማው ጋዜጣ ዳኛው ባንዲራውን ሰቅሎ የቆመበትን ፎቶ አወጣ። ቶኩጂ ቆርጦ ከመስተዋቱ አጠገብ ለጠፈው። አንዱ ደንበኛ መነጽር ሣለበት፤ ሌላው ቀንድ፤ ሦስተኛው ጥቅጥቅ ያለ ጺም ጨመረለት። ስሙን ላስታውስ ያለ የለም። «ባለባንዲራው» ብቻ ነበር የሚባለው።

በሚያዝያ፣ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሳምንት፣ ቶኩጂ ጉልበቱን ሊታይ ሐኪም ቤት ሄዶ ሳለ፣ አንድ ቀጠን ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። ናጊሳ አስቀመጠችው፤ ፊቱን በትኩስ ፎጣ ሸፍና አረፋ ቀባችው።

«ለከተማው አዲስ ነዎት?»

«አዎ። የሳይንስ መምህር ነኝ። ተዛውሬ መጣሁ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልምከርዎት። እዚህ አገር ስለ ዝናብ ካላወሩ ስለ ሽመላዎች ነው የሚያወሩት። እሱን አዩት?» ምላጩን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። «ባለባንዲራው። አምና ከአፋችን የነጠቀን እሱ ነው። አባቴ እዚህ ወንበር ላይ ቢያገኘው…» ምላጩን ጉሮሮው ሥር አሳረፈች። «አይንቀሳቀሱ።»

«አልተንቀሳቀስኩም» አለ ሰውየው። ጉሮሮው ግን ከፍ ዝቅ አለ።

«እኔ የሚገርመኝ ማታ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?»

«ምናልባት አይወስደው ይሆናል።»

«ይበለው!»

ሰውየው ሶታሮ ይባላል። አመስግኖ ከፍሎ ሄደ፤ ናጊሳም ዳግመኛ አየዋለሁ ብላ አላሰበችም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ፀጉሩ ሳያድግ ተመልሶ መጣ። «ከጎን ትንሽ በዝቷል» አለ። ምንም አልበዛም። ናጊሳ መቀሷን በአየር ላይ እያንቀጫቀጨች የቆረጠች መሰለች። በመስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ሁለቱም ወደ ሌላ ቦታ አዩ።

የሚመጣው ሁልጊዜ ቶኩጂ ሐኪም ቤት በሚሄድበት ቀን ነበር። ናጊሳ አጋጣሚ መሰላት፤ ከዚያም አጋጣሚ ባይሆን ደስ እንደሚላት አወቀች። ፀጉር ቤቱ ዝግ በሚሆንበት ሰኞ ሰኞ ማታ ማታ በወደቡ ዳር መሄድ ጀመሩ። ከአንድ የቀይ ጡብ መጋዘን አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት ኑድል ይበላሉ፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ስለ ኳስ ሲያወራ እንደ ሌላው ሰው ስለ ግብ አይደለም። አጥቂው ከመሮጡ በፊት ትከሻው እንዴት ዘንበል እንደሚል ይነግራታል።

«አንተ ግን የማን ደጋፊ ነህ?» አለችው አንድ ቀን። እርስዎ መባባሉ መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም።

«የማንም» አላት።

«ያሳዝናል። እንዳንተ ያለ ዓይን ያለው ሰው ባለቤት የሌለው!»

ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋ። ያን ዝምታ ናጊሳ ዓይን አፋርነት ነው ብላ ወደደችለት።

በበጋው መሐል፣ ሶታሮ ፀጉር ቤት ሲመጣ አንድ ትኬት ሰጠችው። «ቅዳሜ ከኔ ጎን ትቆማለህ። አባቴ ያይሃል። ካየህ በኋላ የቀረውን እኔ እነግረዋለሁ።»

ሶታሮ ትኬቱን ሳይቀበል ቆመ።

«ናጊሳ፣ ከናንተ ጋር መቆም አልችልም።»

«ለምን? ከበሮው ጆሮ ያደነቁራል? ትለምደዋለህ።»

«ይህ ሰው እኔ ነኝ።» ወደ ግድግዳው አመለከተ።

ናጊሳ ሳቀች። እሱ ግን ሳይስቅ ፎቶው አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመና ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። መነጽሩ፣ ቀንዱና ጺሙ ወዲያው ተነቅለው የወደቁ ያህል ሆነ። ያው ትከሻ፣ ያው ቀጭን አንገት።

«በየሳምንቱ እየላጨሁህ!» አለች በመጨረሻ። «ስሰድብህ ቁጭ ብለህ ስትሰማ!»

«የመጀመሪያ ቀን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። በኋላ ደግሞ አንቺን ማጣት ፈርቼ።»

«አንድ ነገር ንገረኝ። ልክ ነበርክ?»

ሶታሮ እጁን አወረደ። «አልነበርኩም። ተሳስቻለሁ። አጥቂያችሁ ከተከላካዩ ጋር እኩል ነበር።»

ልክ ነበርኩ ቢላት ትከራከረው ነበር፤ መከራከር ታውቅበታለች። አሁን ግን ሄዳ በሩን ከፈተችለት። ወጣ።

ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤቱም ወደቡም ጭር አሉባት። ለአባቷ አልተናገረችም። የእውነት የተናደደችው በተሻረው ግብ ይሁን በዝምታው ለይታ አታውቅም፤ በሁለቱም በየተራ ትናደድ ነበር።

በመኸር መባቻ በተደረገ ጨዋታ የሽመላዎች ወጣት በረኛ ቀላል ኳስ በእግሮቹ መሐል አሾልኮ አስገባ። ከኋላ ያሉት አፏጩ። «አውጡት! ዕውር!» የሚልም ነበረ። ናጊሳ ዞረችባቸው።

«አፋችሁን ዝጉ! አውቆ ያደረገው ይመስላችኋል? ዛሬ ማታ ከሱ በላይ የሚታመም አለ? ሰው ይስታል! መሳቱ ካስጠላችሁ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ማሽን ተመልከቱ!»

ፉጨቱ ቆመ። ቶኩጂም ከበሮውን መታ፣ ሰዉም የበረኛውን ስም መጥራት ጀመረ። ናጊሳ ግን አልዘፈነችም። ከገዛ አፏ የወጣው ነገር ማንን እንደሚመለከት ገብቷት ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ወደቡ ወረደች። ሶታሮ ከትምህርት ቤት በፊት እዚያ እንደሚሮጥ ታውቃለች። የመስመር ዳኞች እንደሚሮጡት ወደ ጎን እየሮጠ መጣ፤ ሲያያት ቆመ።

«ዳኝነቱን ለምን አልተውከውም?» አለችው፤ ደህና አደርክ እንኳ ሳትለው።

«ላቆም ነበር። ማልያዬን አጥቤ ካርቶን ውስጥ ከትቼው ነበር። ከዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ስሌት ተሳስቶ እርሳሱን ሲወረውር ‹አንሳውና እንደገና ሥራ› አልኩት። ካልኩት በኋላ አፈርኩ።»

«እኔም ትናንት ያልኩት ነገር አሳፍሮኝ ነው የመጣሁት።»

ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ላቡን እያደረቀው ነበር። ናጊሳ የአንገት ልብሷን ፈትታ አንገቱ ላይ ልታደርግለት ዘረጋችና የሽመላዎች ምልክት እንዳለበት አስታውሳ አንጠልጥላ ቀረች።

«ይህን ማድረግ አልችልም» አለ ሶታሮ በሐዘን። «ዳኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ብርድ ይምታህ» አለችው፤ ግን እጁን ያዘችው።

ሶታሮ በዚያው ሳምንት የዳኞች ማኅበሩን በሽመላዎች ጨዋታ ላይ እንዳይመድበው፣ ምክንያቱን ሳይሸሽግ ጠየቀ። ማኅበሩ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው ቶኩጂ ነው።

«አባዬ፣ አንድ ሰው አለ» አለች ናጊሳ።

ቶኩጂ ምላጭ እያጸዳ ነበር። «የማን ደጋፊ ነው?»

«የማንም።»

«የማንም?» ቀና አለ። «የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ቢሆን እንኳ ቁጭ ብዬ እሰማሽ ነበር። የማንም ያልሆነ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ዳኛ ነው። የመስመር ዳኛ።» ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። የአባቷም ዓይን ተከተላት፤ ፎቶው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃል?»

«አዎ።»

«ማን ላጨው?»

«እኔ።»

«እና በሕይወት አለ!»

ከዚያ በኋላ ቶኩጂ ከልጁ ጋር ስለ ፎጣና ስለ ሳሙና ካልሆነ አላወራም። ቅዳሜ ከበሮው ምቱን እየሳተ ዘፋኞቹን አምታታቸው። እሁድ ራት ሲበሉ፣ ቀና ሳይል «ሰኞ ይምጣ» አለ።

ሶታሮ ሰኞ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። ቶኩጂ የደንበኛ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ እሱ ቆመ።

«ለምን ሳትክ?»

«ከተከላካዩ አንድ እርምጃ ቀድሜ ነበር ጋሼ። ከዚያ ቦታ ሲታይ አጥቂው ያለፈ ይመስላል።»

«አንድ ተጫዋች ከልሎህ ነበር። ጋዜጣው ላይ ይታያል።»

«ከልሎኝ ነበር። ግን ቦታዬ ላይ ብሆን ኖሮ አይከልለኝም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ናጊሳ ፎጣ እያጠፈች፣ ያጠፈችውን እየፈታች እንደገና ታጥፋለች።

«ኳስ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ» አለ ቶኩጂ፣ «‹ጥፋቱ የኔ ነው› ብሎ ከሜዳ የወጣ ሰው አላየሁም። ሣሩ ነው፣ ነፋሱ ነው፣ ኳሷ ናት። ቅዳሜ እኔም ከበሮዬን ስስት አየሩ ረጥቦ ነው ብያለሁ።» ወደ ግድግዳው ሄዶ ፎቶውን ላጠው። «ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም። ወረቀቱ ግድግዳዬን ስላበላሸብኝ ነው።»

«ገብቶኛል፣ ጋሼ።»

«ሻይ ትጠጣለህ?»

ስለ ጋብቻ ግን ማንም አላነሳም። ሶታሮ ሊጠይቅ ይፈልጋል፤ ቶኩጂ ገና ስሙን እንኳ አይጠራውም፣ «ሰውየው» ነው የሚለው። ናጊሳም አባቴ ጊዜ ያስፈልገዋል እያለች ትጠብቃለች።

በመኸሩ መጨረሻ ሶታሮ በአጎራባቿ በቶዮካ ከተማ በሁለት ሌሎች ቡድኖች ጨዋታ ላይ ተመደበ። ሽመላዎች በዚያ ቀን አይጫወቱም ነበር። ናጊሳ በባቡር ልሄድ ነው ስትል አባቷ ፊቱን አኮማተረ።

«የሌላ ሰው ጨዋታ ማየት ያልተጠሩበት ሠርግ ገብቶ መብላት ነው።»

«እንድትመጣ ማን ጠየቀህ?»

ጣቢያው ስትደርስ ቶኩጂ ኮፍያውን አድርጎ ቆሟል። «ጉልበቴን ላፍታታ ብዬ ነው» አለ።

ከመስመሩ ዳር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ከግቡ ጀርባ ካልሆነ አይቶ የማያውቀው ቶኩጂ፣ እጁን የት እንደሚያኖር ጠፍቶት ጉልበቱን ይደበድብ ነበር። ሶታሮ ከፊታቸው ወዲያ ወዲህ እያለ ይሮጣል። አንድ ጊዜም ቢሆን ዞሮ አላየም፤ ዞሮ ቢያይ ናጊሳ ራሷ ትቆጣው ነበር።

በሁለተኛው አጋማሽ ባለሜዳዎቹ ግብ አገቡ። ስታዲየሙ ፈነዳ። ሶታሮ ግን ባንዲራውን ሰቅሎ ቆመ።

«ዕውር!» አለ አንዱ ከኋላቸው። «መነጽር ግዙለት!» «ስንት አበሉህ?»

ናጊሳ ከጎኗ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማት። አባቷ ታማሚ ጉልበቱን ይዞ ብድግ አለና ወደ ሕዝቡ ዞረ። ያ ለዓመታት ከግብ ጀርባ የጮኸ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

«ዕውሩ እናንተ ናችሁ! ሰባት ቁጥር በግማሽ እርምጃ አልፏል! ልጁ ቦታው ላይ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ! በአማቼ ላይ እንዲህ ስትጮሁ አታፍሩም?»

አንዲት አሮጊት ሳቀች። ናጊሳ አባቷን በኮቱ ጎትታ አስቀመጠችው።

«አማቼ?» አለችው በሹክሹክታ። «ማን ጠየቀህና?»

«እስኪጠይቅ ስንት ዘመን ልጠብቅ?» አለ ቶኩጂ እያለከለከ። «ለባንዲራ ሲሆን የሚፈጥን፣ ለቁም ነገር ሲሆን የሚዘገይ!»

ሶታሮ ባንዲራውን አውርዶ ዓይኑን ከመስመሩ ሳያነሳ ቦታውን ይዞ ነበር። ጆሮዎቹ ግን እስከ ጫፋቸው ቀልተዋል።

በዚያው ምሽት በባቡር ጣቢያው ጠየቀ። ሠርጉ ግን የተደረገው በክረምቱ ነው፤ ቶኩጂ በጨዋታ ዘመን ሠርግ አይሞከርም ብሎ ስለከለከለ። ሽመላዎች በዚያ ዓመት አራተኛ ሆነው ጨረሱ፤ ለጊዜው።