ያልደረቀው አሸዋ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆምሽውም ግቢና ቁጭ በይ፤ የማወራችሁ አንድ እግሯ ሁልጊዜ ደጅ ስለሆነ ልጅ ነው።

ቤተሰቦቿ «ጥድፊያ» ይሏታል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በአባቷ የሶፋ መሥሪያ ክፍል ውስጥ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ወለሉን ይደበድባል። የምትሰፋው ለታላቅ እህቷ ነው። እህቷ ዒላማ ተኳሽ ናት፤ በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ውድድሯ ነው። ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ስትተኩስ ጠመንጃዋን የምታሳርፍባቸው ሁለት ከረጢቶች ያስፈልጓታል፦ ትልቁ ለፊት፣ ትንሹ ለሰደፉ። የትንሹ አናት የጥንቸል ጆሮ የመሰሉ ሁለት ጉብታዎች አሉት፤ ሰደፉ በመካከላቸው ይገባል። ሁለቱም ከአሮጌ ጂንስ ተቆርጠው፣ በድርብ ስፌት ተጠብቀው፣ አሸዋ ይሞላሉ።

አባቷ ሥራ ሊያደርስ ሲወጣ ደጋግሞ ነግሯታል። «አሸዋውን በወንፊት ንፊው። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ አድርገሽ፣ እሳት ላይ እያገላበጥሽ አድርቂው። እርጥቡ ከገባ መጀመሪያ ጠንካራ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ይጎድልና ከረጢቱ ይላላል። የጠመንጃው ብረትም ይዝጋል።»

ትልቁን በደንብ ሠርታ ጨረሰች። ትንሹ ላይ ስትደርስ ግን «ፉጨት» የሚሏት ጓደኛዋ በመስኮቱ አንገቷን አሰገገች።

«ኧረ ነይ ባክሽ፣ ሜዳው ላይ የመረብ ኳሱ መረብ ተወጥሯል። ያላንቺ ቡድኑ አይሞላም።»

«አንድ ደቂቃ።»

«ያንቺ አንድ ደቂቃ ፂም አወጣ እኮ።»

ጥድፊያ ከሰሉ ላይ በተጣደው ቆርቆሮ ያለውን አሸዋ አየችው። ከላይ ነጣ ብሏል። ለታችኛው ማን ጊዜ አለው ብላ፣ አፉ በተቆረጠ የውኃ ጠርሙስ እያንቆረቆረች ከረጢቱ ውስጥ ሞላችው። በዱላ ጠቀጠቀችው። አፉን በወፍራም ክር ሰፋችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

እህቷ ከጓዳ የወጣችው ልክ ያኔ ነው። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጡጫዋ መታ መታ አደረገችው። በጠመንጃው ፈንታ አንድ ጣውላ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል አጋደመችበት። ጣውላው ንቅንቅ አላለም።

«ጉድ ነው፤ ድንጋይ አስመሰልሽው። የክለቡ እንኳ እንዲህ አይደለም። አሸዋው ደርቋል አይደል?»

«ክው ብሏል።»

«እጅሽ ይባረክ የኔ ሸጋ። ነገ ስፈራ ይቺን ነው የምዳስሰው።» ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ ልብሷን ልትተኩስ ተመለሰች።

ጥድፊያ ልትወጣ ስትል ከረጢቱን ወደ ጥግ ገፋ አደረገችው። ከሥሩ፣ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው የጨርቅ መለኪያ ወረቀት ላይ፣ ጠቆር ያለ ክብ እርጥበት ቀርቷል። ቶሎ ብላ ቁራጭ ጨርቅ ጣለችበት።

«ምንድን ነው የምትደብቂው?» አለች ፉጨት።

«አሸዋው አልደረቀም።»

«ታዲያ ምን ታካብጃለሽ? ጠንክሯል፣ ወዳዋለች፣ አለቀ። ነገ ቢላላ ከስፌቱ ነው ትያለሽ።»

ጥድፊያ እስከ በሩ ሄደች። አንድ እግሯ ደጅ ወጣ። ከሜዳው የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል። ሌላው እግሯ ግን አልከተል አላት። ነገ እህቷ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ስታነጣጥር ታያት። ያ ከረጢት ደግሞ ቀስ እያለ ሲሰምጥ።

እግሯን ወደ ውስጥ መለሰችው።

«በኔ ቦታ አንቺ ግቢ» አለቻት።

«እኔ? ኳስ ሲመጣ ዓይኔን እኮ ነው የምጨፍነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ገልጠሽ ሞክሪ።»

ፉጨት እያጉረመረመች ሄደች። ጥድፊያ መቀሱን አነሳችና ያን የጎበዝ ስፌቷን አንድ በአንድ ፈታችው። አሸዋው አልፈሰሰም፤ እንደ ጭቃ ጓጉሎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ አለ።

«እታለም» ብላ እህቷን ተጣራች። 

«ምነው?»

«ዋሽቼሻለሁ። አልደረቀም ነበር።»

የካውያው ድምፅ ቆመ። እህቷ መጥታ ጓሉን በጣቷ ፈረፈረችው። 

«የታችኛውን አገላብጠሽዋል?»

«የላዩን ብቻ።»

እህቷ በረጅሙ ተነፈሰች። በርጩማውን ሳበችና ከሰሉ አጠገብ ተቀመጠች። «መኮራረፉ ይደርሳል፤ አሁን ግን እኔ ላራግብ፣ አንቺ አገላብጪ። እስከ ታች።»

ከሜዳው የጨዋታ መጀመሪያ ፊሽካ ተነፋ። ጥድፊያ የማገላበጫውን ማንኪያ ወደ ታች ሰድዳ ጥቁሩን አሸዋ ወደ ላይ አወጣችው።

ውድድሩ እንዴት ሆነ ብላችሁ አትጠይቁኝ ልጆቼ። ይልቅ ያቺ አንድ እግሯ ደጅ የነበረው ልጅ መቀሱን ስታነሳ፣ ሁለቱም እግሮቿ ወለሉ ላይ ጸጥ ብለው እንደነበር አስታውሱልኝ።