ቡናማ ስፌት

ሸራው ላይ «ዳይሬክተር፦ ጂልዶ ቫይራ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል ሎሬዳና ቀጥሎ የራሷን ስም ጠበቀች። አልመጣም። ጽሑፉ ጠፋና ፊልሙ ጀመረ።

በጣሊያኗ ቱሪን ከተማ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ያለችው የሲኒማ ክበብ በዚያ እሁድ ከሰዓት ጢም ብላ ሞልታ ነበር። የአባልነት ካርድ የሌለው አይገባም፤ የሚታየውም ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች የሚንቁት ፊልም ነው። ዛሬ ተራው የታዳጊዎች ነው። ምርጡን አስፈሪ ፊልም የሠራ ዳይሬክተር የክበቡን ካሜራ እስከ ትምህርት መክፈቻ ይዋሳል። ሎሬዳና ከገና ጀምሮ እንቅልፍ ያጣችው ለዚህ ነው።

ጂልዶ ጎረቤቷም የክፍሏ ልጅም ነው። የአባቱን ካሜራ ይዞ ቀረጸ፤ የቀረው በሙሉ የእሷ ሥራ ነው። ታሪኩን ጻፈች። ካምና የፋሲካ ቸኮሌት እንቁላሎች ያስቀረችውን ቀይና ሰማያዊ መጠቅለያ አምፖል ላይ ጋርዳ፣ የሚኖሩበትን ሕንፃ አሮጌ ደረጃ ቀይ በቀይ፣ ግድግዳውን ደግሞ ሰማያዊ አደረገችው። ባለፈው ሳምንት ጂልዶ እኔ ላስመዝግበው፣ ስማችን እኩል ይጻፋል ሲላት በእጇ ያለውን ብቸኛ ቅጂ አምናው ሰጠችው።

«ስሜስ?» አለችው ከጎኗ የተቀመጠውን ጂልዶን በሹክሹክታ።

«ዝም በይ በናትሽ። ሴት ልጅ እንዲህ ዓይነት ፊልም ሠራች ቢባል ማን ያምናል? ካሜራውን እንደሆነ አብረን ነው የምንጠቀምበት።»

ሸራው ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቁ እጆች የበር እጀታ ቀስ ብለው ሲያዞሩ ከኋላ አንዲት ሴት ትንፋሿን ዋጠች። ይህችን ድምፅ ስንት ቀን በሐሳቧ ሰምታታለች! አሁን ስትሰማት ግን ማልቀስ ብቻ አማራት።

መብራት በርቶ ጭብጨባው ሲበርድ እንደ ወትሮው ውይይት ተጀመረ። ጂልዶ ከጎኗ ተነሥቶ ቆመ። ክበቡን የሚመሩት ሽማግሌ ሲኞር ኦሬስቴ መነጽራቸውን እየጠረጉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። በእነዚህ ፊልሞች የገዳዩ እጅ የዳይሬክተሩ የራሱ እጅ መሆን አለበት፤ የክበቡ ሰዎች በዚህ ቀልድ አያውቁም።

«እጆቹ የማን ናቸው?»

«የኔ ናቸዋ» አለ ጂልዶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«አውራ ጣቱ ላይ ያለችው ቡናማ ስፌትማ ግሩም ናት። ገዳዩ ቤትና ጓንት የሚሰፋለት ሰው ያለው መሆኑን ትናገራለች። ሆን ብለህ ነው?»

ጂልዶ ዓይኑን አርገበገበ። ስፌቷን ልብ ብሎ አይቷት አያውቅም። «አዎ… ሆን ብዬ ነው» አለ።

ጓንቱ የሎሬዳና እናት ንብረት ነው። አምና ሲተረተር ቤት ውስጥ ጥቁር ክር ጠፋና እናቷ በቡናማ ሰፉት። ሎሬዳና ደግሞ ካሜራው ያቺን ስፌት ቀረብ ብሎ እንዲያያት፣ ምክንያቱን ሳትነግረው ጂልዶን ሦስት ጊዜ አስደግማዋለች።

የመጋቢት ብርድ አልለቀቀም ነበርና ጓንቱ አሁንም ኮቷ ኪስ ውስጥ ነው። ካወጣችው ከእንግዲህ ከጂልዶ ጋር አብረው ወደ ቤት እንደማይሄዱ ታውቃለች። አሥር ዓመት አብረው ሄደዋል።

ጓንቱን አወጣች። ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ አጠለቀችው። ጂልዶ ቁልቁል አያትና ፊቱ ተለዋወጠ።

ሎሬዳና እጇን አነሣች።

«እሺ ልጄ፣ ጥያቄሽ ምንድን…» አሉ ሲኞር ኦሬስቴ፤ ከዚያም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።