የተነፋው አፈር

ከረጢቱ የእሷ ነው። ላዩ ላይ ያለውም የእጇ ጽሑፍ ነው። ውስጡ ያለው አፈር ግን የእሷ አይደለም።

የአፈር ባለሙያዋ ቆሽቷ አረረ። ከከብት አርቢዎቹ ግጦሽ በገዛ እጇ ቆፍራ ያመጣችው ጥቁር፣ ሥር የበዛበት አፈር ነበር። ይሄ የነጣ ብናኝ ነው። ከታጠረው የሣር ማጨጃ ቦታና ከታረሰው ማሳ ለማነጻጸር ያመጣቻቸውን ናሙናዎች ማንም አልነካቸውም። የተለወጠው የግጦሹ ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያሻትም። ነገ ጠዋት የመሬቱን ዕጣ የሚወስነው ኮሚቴ ግጦሹ ላይ ይሰበሰባል። አፈሩ ሞቷል ከተባለ አርቢዎቹ ከመሬቱ ይነሳሉ፤ የእርሻ ድርጅት ትራክተር ይገባል።

የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያለው በእሷ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሹፌርና በአለቃዋ እጅ ነው። አለቃዋ ያስተማሯት፣ እንደ አባት የምታያቸው ሰው ናቸው። ስለዚህ ሹፌሩ ላይ ተንደረደረች።

«ወንድምህ ለእርሻ ድርጅቱ ትራክተር ይነዳል አይደል?»

«ይነዳል። ታዲያስ?»

«አፈሬን የት አደረስከው?»

«እህቴ፣ አፈር ሰርቄ ምን ላደርገው ነው? ልበላው?»

«አንተ ዓይን አውጣ ሌባ!»

ሹፌሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ወጥቶ ሄደ።

ተመልሳ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። በጣቷ አሸችው። አንድ ጠጠር የለም። አንዲት የሥር ጭራ የለችም። በወንፊት ተነፍቷል።

ከሜዳ የመጣ አፈር የሚነፋው ለምርመራ ሲዘጋጅ ነው፤ ከዚያ በፊት አይነፋም። ሌባ ደግሞ ምን ቸገረው፣ ከነጠጠሩ ዝቆ ይሞላል። ይሄን የሞላው ዕድሜ ልኩን ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፤ ያልተነፋ አፈር ከረጢት ውስጥ ለመክተት እጁ እምቢ ብሎታል። በዚህ ቤት እንዲህ ዓይነት እጅ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እሷ ናት።

የአለቃዋን በር ሳታንኳኳ ገባች። አፈሩን ፊታቸው ዘረገፈችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነፋው?»

«ልጄ፣ ረጋ በይ።»

«አልረጋም! በእርስዎ ምክንያት ሰው ሌባ ብዬ ሰድቤያለሁ!»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከዓመታት በፊት ግጦሹ ሞቷል ብዬ ጥናቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺም የተመረቅሽው እሱን አጥንተሽ ነው። አሁን በጡረታዬ ዋዜማ ውሸታም ልባል?»

«መሳሳት ውሸት ነው እንዴ? ያኔ ቆፍረው ያገኙትን ጻፉ፤ ዛሬ ሌላ ተገኘ።»

ዓይናቸውን ከእሷ አሸሹ። ያኔ ነገሩ ገባት።

«ለመሆኑ ያኔ ቆፍረው ነበር?»

«ዝናብ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «መንገዱም ጭቃ… ከመኪና አልወረድኩም።»

ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። እነዚያ አርቢዎች ስንት ዓመት ሙሉ «መሬቱን ገደላችሁት» እየተባሉ ተሰድበዋል። ከመኪና መስኮት ታይቶ በተጻፈ ወረቀት!

«አፈር ስሆንልሽ፣ በእኔና ባንቺ መሀል ይቅር።»

«አይቀርም! ፖሊስ ጋ ዛሬውኑ አመለክታለሁ። ነገ ደግሞ አርቢዎቹ እያዩ፣ ኮሚቴው ፊት የሚቆፍሩት እርስዎ ነዎት።»

አለቃዋ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ሰማዩን አዩ።

«ቢዘንብስ?»

«ከመኪናው ይወርዳሉ!» አለች።